በር ላይ የተጻፈ

ሐምሌ ነው። ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ጣራዬ ተገልጦ ዝናብ ቀሰቀሰኝ።
ከጅሬን ቁልቁል የወረደው ነፋስ
የቆርቆሮ መንጋ ወደ ሰማይ ነድቶ፣
አዌቱን ከአልጋው ገፍትሮ አስነሥቶ፣
ዓመት ሙሉ የጣልንበትን ፌስታልና ጎማ
በየቤቱ ገብቶ ሲያስረክብ አደረ
ለመላው ከተማ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት "አስተባባሪ" ተባልን፤
ስድስት ሰው፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ድምፁ የሻከረ ማጉያ።
የትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ሰምጧል።
ነዚፍ ባለ ባጃጁ ከቦዬ ረግረግ ዳር
አንድ በር እየጎተተ መጣ፣ ጭቃ የለበሰ፤
ማጠፊያው ያልወለቀ፣ ቁልፉ ያልፈረሰ፣
በደንብ የተቆለፈ፣
ቤቱ ብቻ የሌለ።
አራት ብሎኬት ላይ አጋደምነው። ቢሮ ሆነ።

ዞን ደወለ፦ "ስንት ራስ?"
ክልል ደወለ፦ "ስንት አባወራ?"
አንዱ በሰው ቆጠረ፣ አንዱ በጣራ፣
ማታ በባትሪ ብርሃን ቁጥሮቹ ሲገናኙ
እንደ ባዕድ ተያዩ።
ብርድ ልብሱ ሰኮሩ ደርሶ ፊርማ ይጠብቃል፤
ፈራሚው ከድልድዩ ማዶ ቀርቷል።
እኛ ጋ ዱቄት አለ፣ ድስት የለም፤
ቆጪ ድስት አለ፣ ዱቄት የለም፤
ማንንም ሳናስፈቅድ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ ሽማግሌ፣
በነዚፍ ባጃጅ ዳርናቸው።

እኔ መዝጋቢ ነኝ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የራሴን ስም ጽፌ፣
አፍሬ ሰርዤ፣ ወደ መጨረሻ አወረድኩት።
ቅጹ ዘጠኝ ዓምድ አለው፤
ቆርቆሮ፣ ፍራሽ፣ ጀሪካን… የመጨረሻው "ሌላ"።
በ"ሌላ" ሥር የገባ፦
አባ ዲኮ፣ ስድስት ቀፎ፤
("ንቦቹ ቢመለሱ፣ የት እንዳለሁ ማን ይነግራቸዋል?")
ተማሪ ረውዳ፣ የፈተና መግቢያ ካርድ።
እትዬ ወለላ፣ የባሏ ፎቶ፣ ያለው እሱ ብቻ።
አንድ ሰው ስሙን አልሰጠኝም፤
"እንቅልፍ ብለህ ጻፍ" አለኝ።
ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ሸምሲያ መጣች፤ ሰልፍም አልያዘች።
ወረቀቴን ገፋ አድርጋ እንጨቱን ዳበሰች።
"የኔ በር ነው" አለች።
ካንገቷ ክር ፈትታ ቁልፍ አወጣች፣
ከተተች፣ አዞረች፤
ቀጭ።
ሰልፉ በሙሉ ዝም።
"ውሰጂው" አልኳት ተነሥቼ።
"ምን ላይ ላቆመው? ግድግዳ እስካገኝ ቢሮ ይሁናችሁ።"
መልሳ ቆለፈችው። ቁልፉን ይዛ ሄደች።
ሁለት ወር ተኩል ሠራን፣ ቢሯችን በሷ አንገት ተንጠልጥሎ።

በየሐሙሱ፣ ከገበያ መልስ፣ ብቅ ትላለች፦
"አለቀ ዝርዝሩ?"
አላለቀም።
ያለቀው ወሬው ነው። ስልኩ መጮህ ተወ፣
ማጉያው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣
ኮሚቴው ከስድስት ሦስት፣ ከሦስት እኔ ሆነ።
ውሃ ቶሎ ይጎድላል፤
እርጥበት ግን ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ያስላል።
መስከረም ሲጋመስ ቆርቆሮው ደረሰ፤
መቶ አሥር ተብሎ ዘጠና ስድስት ተቆጠረ።
ስለ አሥራ አራቱ ደብዳቤ ጽፌአለሁ።
ዛሬም እጽፋለሁ።

ጥቅምት ላይ ሸምሲያ ቤቷን አስመረገች።
በሩ በባጃጅ ጣራ ሄደ፣ ግራና ቀኝ ደግፈነው፤
ስናቆመው ፀሐይ በጎን አገኘው፤ ያን ጊዜ አየሁ፦
ወረቀቱ ስስ፣ እስክሪብቶዬ ጨካኝ፣
ያልጻፍኩበት እንጨት ሁላችንን ይዟል፤
አባ ዲኮ በረውዳ ላይ፣ ረውዳ በወለላ ላይ፣
ቀፎ በፍራሽ፣ ፍራሽ በእንቅልፍ ላይ
ተደራርቦ ተቀርጿል።
"ቀለም ልቀባልሽ?"
"ተወው" አለች፤ "ሲመሽ ስዘጋ
ውጭ የቀረ ሰው ካለ ልቁጠርበት።"

ዘግታ ገባች። ቀጭ ሲል ሰማሁ።
መንገድ ዳር ቆሜ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣
በ"ሌላ" ዓምድ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦
በር፣ አንድ። ተመላሽ ሆኗል።